ለውሻችሁ ቺፕ ይሻላል ወይስ ታግ? ሁለቱንም በቅደም ተከተል

የጠፋ ውሻ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚገባው ጎረቤት እጅ ነው። ወይ ከሥራ የሚመለስ ሰው ያገኘዋል፣ ወይ ከትምህርት ቤት የሚመጣ ልጅ። ይህ ሰው ኪሱ ውስጥ ስልክ አለው። ከቆዳ ሥር የሚገባውን ቺፕ የሚያነብ መሣሪያ ግን የለውም። የውሻው አንገት ላይ ታግ፣ ማለትም ስልክ ቁጥር የተቀረጸበት ትንሽ ሰሌዳ፣ ካየ ይደውላል። ካላየ ወይ አልፎት ይሄዳል፣ ወይ ወደ እንስሳት መጠለያ ይወስደዋል፣ ወይ ደግሞ «ባለቤት የለውም» ብሎ ቤቱ ያስቀረዋል።

«ቺፕ አስገብቼለታለሁ፣ ታግ ምን ያደርግልኛል?» የሚል ሰው ብዙ ነው። «ታግ አለው፣ ምን ብዬ መርፌ አስወጋዋለሁ?» የሚልም አለ። የኔ መልስ አጭር ነው። ታጉ ዛሬ፣ ቺፑ በዚህ ሳምንት፣ የቺፑን ቁጥር በስማችሁና በስልካችሁ ማስመዝገቡ ቺፑ በገባበት ቀን። ከሦስቱ ሰው የሚዘነጋው ሦስተኛውን ነው። ትልቁ ጣጣም የሚመጣው ከሱ ነው።

ከዚህ በታች ያለው በዋናነት አሜሪካ ውሻ ለሚያሳድግ ሰው ነው። አዲስ አበባ ላላችሁና ውሻ ይዛችሁ ለምትጓዙም ወረድ ብሎ የሚሆናችሁ አለ።

ቺፕ የሚሠራውና የማይሠራው

ማይክሮቺፕ 12 ሚሊ ሜትር ግድም ርዝመት፣ 2 ሚሊ ሜትር ግድም ውፍረት ያለው የመስታወት ብልቃጥ ነው። ከቆዳ ሥር በመርፌ ይገባል። ባትሪ የለውም። ማንበቢያው መሣሪያ ሲጠጋው ከመሣሪያው በሚመጣው ሞገድ ይነቃና ቁጥሩን ይሰጣል። ሌላ የሚሰጠው ነገር የለም። ስማችሁ፣ አድራሻችሁ፣ ስልካችሁ ውስጡ የለም።

ጂፒኤስም አይደለም። «ቺፕ አለው አይደል፣ የት እንዳለ በስልክህ እየው» የሚል ዘመድ አይጠፋምና እንዳትሸወዱ። ውሻው ያለበትን ቦታ የሚያሳየው በባትሪና በወርሃዊ ክፍያ የሚሠራ የጂፒኤስ ማሰሪያ ነው፣ እሱ ሌላ ዕቃ ነው። ኤርታግ የተባለው የአፕል የዕቃ መፈለጊያም የሚሠራው በአቅራቢያው የአፕል ስልክ ሲኖር ነው፤ ለዕቃ እንጂ ለእንስሳ ተብሎ አልተሠራም። ብትጠቀሙበት አልከለክልም፣ ግን በታግ ፋንታ አይሁን።

ቺፑን እንደ መኪና ታርጋ አድርጋችሁ ያዙት። ምዝገባው ሊብሬው ነው። ሊብሬው በሌላ ሰው ስም ከሆነ ታርጋው እናንተ ጋ አያደርስም።

ቺፕ ለውጥ እንደሚያመጣ ግን አያጠራጥርም። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ የእንስሳት ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት 53 መጠለያዎችን አይቶ ነበር። ቺፕ ካላቸው የጠፉ ውሾች 52 በመቶ ያህሉ ወደ ባለቤታቸው ተመልሰዋል። በመጠለያዎቹ ከገቡት ጠፊ ውሾች በአጠቃላይ ግን የተመለሱት 22 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ቺፕ እያላቸው ባለቤታቸው ላልተገኘ እንስሳት ደግሞ ዋናው ምክንያት የተሳሳተ ወይም የተቋረጠ ስልክ ቁጥር ነበር። ቺፑ ሥራውን ሠርቷል፤ የጠፋው ስልክ የሚያነሳው ሰው ነው።

1ኛ እርምጃ፦ ታግ ዛሬውኑ

አሜሪካ ከሆናችሁ ፔትስማርት ወይም ፔትኮ የተባሉት የቤት እንስሳት ዕቃ መደብሮች ግቡ። በር አካባቢ ታግ የሚቀርጽ ማሽን ታያላችሁ። ጽሑፉን ትጽፉለታላችሁ፣ በደቂቃዎች ቀርጾ ይሰጣችኋል። አዲስ አበባ ከሆናችሁ ማኅተም ወይም ዋንጫ ላይ ጽሑፍ የሚቀርጹ ሱቆች ይሠሩላችኋል።

ምን ይጻፍ? ቦታው ጠባብ ስለሆነ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

- ስልክ ቁጥር፣ ከአካባቢ ኮዱ ጋር። ትልቅ ተደርጎ ይጻፍ።
- ሁለተኛ ስልክ ቁጥር። አብሯችሁ የሚኖር ሰው ቢሆን ጥሩ ነው። እናንተ ሥራ ላይ ስትሆኑ ስልክ የሚያነሳ ይሁን።
- «ቺፕ አለው» የሚል ቃል፣ በአካባቢው ቋንቋ። ውሻውን የያዘው ሰው ወደ ሐኪም እንዲወስደው ይገፋፋዋል።
- መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ «መድኃኒት ይፈልጋል»።
- ቦታ ከተረፈ ስሙ። ቡቺም ይሁን ሌላ፣ ስሙን መጥራት የፈራ ውሻን ያረጋጋል። ግን ስልክ ቁጥሩን አሳንሶ ስም ማግዘፍ ዋጋ የለውም።

አይዝጌ ብረት ወይም ነሐስ ምረጡ። አሉሚኒየም ቀለል ይላል፣ ቀለሙም ያምራል፣ ነገር ግን ጽሑፉ ቶሎ ይፋቃል። በየተወሰነ ጊዜ በአውራ ጣታችሁ ዳበስ እያደረጋችሁ ቁጥሩ ይነበብ እንደሆነ እዩ። 3ቱ 8 መስሎ ከተፋቀ ሌላ ሰው ጋ ይደወላል።

ሰው ልብ የማይለው የማንጠልጠያውን ቀለበት ነው። ከታጉ ጋር በነጻ የሚሰጠው አንዳንዱ ቀለበት ስስ ሽቦ ነው። ውሻው አጥር ሥር ሲሾልክ ይከፈትና ታጉ እዚያው ይቀራል። ጥፍራችሁን ከተቻችሁ ሞክሩት። በቀላሉ ከተከፈተ ጣሉት። ለመክፈት ጥፍር የሚያሳምም፣ ሁለቴ የተጠማዘዘ የቁልፍ ቀለበት ያዙ። ከዚያ የሚሻለው ማሰሪያው ላይ ተጣብቆ የሚቀመጥ ጠፍጣፋ ታግ ነው። አይንጠለጠልም፣ አይንኳኳም፣ ሌሊት እንቅልፍ አይነሳችሁም።

ማሰሪያው ሁለት ጣት ያሳልፍ። ከዚያ ከላላ ከጭንቅላቱ ይሾልካል፣ ከጠበቀ ያንቃል። ቡችላ ከሆነ አንገቱ በየሳምንቱ ስለሚወፍር በየሳምንቱ ለኩት።

ኪው አር ኮድ ያለውን ታግስ? ክፉ አይደለም። ግን ሰውዬው ካሜራ መክፈት አለበት፣ ኢንተርኔት ሊኖረው ይገባል፣ ኩባንያውም ሥራ ላይ መሆን አለበት። አንድ አዛውንት ጎረቤት ይህን ሁሉ ያደርጋሉ ብላችሁ አትጠብቁ። ኮድ ካለውም ከጎኑ ስልክ ቁጥር ይጻፍ።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሲወስድ ሐኪሙ የሚሰጣችሁንም የክትባት ታግ አትጣሉት። ላዩ ላይ ያለው ቁጥር በክሊኒኩ በኩል ወደ እናንተ ሊያደርስ ይችላል። ክሊኒኩ ማታና እሑድ ዝግ ስለሆነ ግን ብቻውን አይበቃም።

2ኛ እርምጃ፦ ቺፑን ማስገባት

ለመደበኛ ምርመራ ወይም ለክትባት ስትሄዱ አብራችሁ አስጨርሱት። አሜሪካ ውስጥ በብዙ ክሊኒኮች ከ25 እስከ 60 ዶላር ያስከፍላል። መጠለያዎችና የቅናሽ ክሊኒኮች ከዚያ ባነሰ ይሠሩታል። ማደንዘዣ አያስፈልገውም። መርፌው ከክትባት መርፌ ወፈር ስለሚል ውሻው እሪ ሊል ይችላል፣ ወዲያው ይረሳዋል። የሚያመክኑት ከሆነ ግን ያን ዕለት ተኝቶ እያለ ይግባለት፤ ለናንተም ለሱም ይቀላል።

ክሊኒኩ ውስጥ ሦስት ነገር ጠይቁ።

አንደኛ፣ «ከማስገባትዎ በፊት ያንብቡት»። ከሰው የመጣ ወይም ከመጠለያ የወሰዳችሁት ውሻ ቀድሞውኑ ቺፕ ሊኖረው ይችላል።

ሁለተኛ፣ ቺፑ ዓለም አቀፍ ደረጃውን የጠበቀ ይሁን። ይህ ማለት ቁጥሩ 15 አሃዝ ነው፣ በ134.2 ኪሎኸርትዝም ይነበባል። አሜሪካ ውስጥ ባለ 9 ወይም ባለ 10 አሃዝ የቆዩ ቺፖች ዛሬም አሉ። እዚያ ያሉ ብዙ ማንበቢያዎች ሁለቱንም ያነባሉ። አውሮፓ ስትሄዱ ግን የቆየው ቺፕ ላይነበብ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ከገባ በኋላ እናንተ ፊት ያንብቡት። ሐኪሙ መሣሪያውን ከትከሻና ትከሻው መሃል ቀስ አድርጎ ያሳልፋል። ጢት ይላል፣ ስክሪኑ ላይ 15 አሃዝ ይመጣል። ከቺፑ ጋር የመጣውን ባለ ባርኮድ ወረቀት ያዙና ቁጥር በቁጥር አመሳክሩ። ወረቀቱን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ይህ ቁጥር ከዚህ በኋላ በየቦታው ይፈለጋል።

3ኛ እርምጃ፦ ምዝገባው፣ ዋናው ጉዳይ

አሜሪካ ውስጥ ሁሉም ቺፕ የሚመዘገብበት አንድ የመንግሥት መዝገብ የለም። የተለያዩ ኩባንያዎች የየራሳቸውን ይይዛሉ። ስለዚህ «ክሊኒኩ መዝግቦታል» ብላችሁ አትቀመጡ። አንዳንዱ ይመዘግባል፣ አንዳንዱ ወረቀቱን ሰጥቶ ያሰናብታል። ከክሊኒኩ ሳትወጡ «ማን ነው የሚመዘግበው? በየትኛው መዝገብ?» ብላችሁ ጠይቁ።

የትኛው መዝገብ ላይ እንዳለ ለማወቅ የአሜሪካ የእንስሳት ሆስፒታሎች ማኅበር የቺፕ መፈለጊያ ድረ ገጽ አለው። ቁጥሩን ስታስገቡ የባለቤቱን ስም አያወጣም። ቺፑ በየትኛው ድርጅት መዝገብ እንዳለ ይነግራችኋል፣ እዚያ ትደውላላችሁ። መጠለያዎችም የሚጠቀሙት ይህንኑ ነው። የናንተን ቁጥር ዛሬ አስገብታችሁ እዩት። የቺፑ አምራች ስም ብቻ ከመጣ ምናልባት አልተመዘገበም።

መዝገቡ ኩባንያ ስለሆነ ሊዘጋም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ ሴቭ ዚስ ላይፍ የተባለው የቺፕ ኩባንያ በድንገት ሥራ አቆመ። ደንበኞቹ ሌላ መዝገብ ላይ እንደገና መመዝገብ ነበረባቸው። የውሻችሁ ቁጥር በ991 ወይም በ900164 የሚጀምር ከሆነ ከዚህ ኩባንያ ሊሆን ስለሚችል አሁኑኑ አጣሩ። ቺፑ ራሱ ደህና ነው፣ መቀየር አያስፈልገውም። ማንኛውንም ቺፕ የሚቀበል ሌላ መዝገብ ላይ ማስገባት ብቻ ነው።

ስትመዘገቡ ኩባንያው ዓመታዊ ክፍያ ያለው «ፕሪሚየም» ጥቅል ሊያቀርብላችሁ ይችላል። ከመክፈላችሁ በፊት ባትከፍሉ ስልካችሁ መዝገቡ ላይ ይቆይ እንደሆነ አንብቡ። በብዙዎቹ ይቆያል። ክፍያው ለተጨማሪ አገልግሎት ነው።

አሁን ደግሞ የኛ ሰው የሚቸገርባቸው ነገሮች።

ስም። ባልና ሚስት የቤተሰብ ስማችን አንድ አይደለም። ቺፑ በሚስት ስም ሆኖ መጠለያ የሚሄደው ባል ከሆነ «መታወቂያህ ላይ ያለው ስም ሌላ ነው» መባል ይመጣል። ሁለታችሁንም አስመዝግቡ። ፊደሉ መንጃ ፈቃድ ላይ እንዳለው ይሁን። አንድ ቦታ ላይ ባንድ «ኤስ»፣ ሌላ ቦታ ላይ በሁለት እየጻፋችሁ አታምታቱ።

ስልክ። የማናውቀውን ቁጥር አናነሳም። አጭበርባሪው በዝቶ እንጂ ክፋት ኖሮብን አይደለም። መጠለያ ሲደውል ግን የሚመጣው የማታውቁት ቁጥር ነው። የድምፅ መልእክት ሳጥናችሁ መከፈቱንና አለመሙላቱን እዩ። ኢሜይልም አስገቡ። ቤት የሚውሉት እማማ ከሆኑና እንግሊዝኛ የሚከብዳቸው ከሆነ ሁለተኛው ቁጥር የሳቸው ሳይሆን የልጅ ወይም የጓደኛ ይሁን።

አገር ቤት ስትሄዱ። ክረምቱን አዲስ አበባ ልታሳልፉ ውሻውን ጓደኛ ጋ ትታችሁት ሄዳችሁ እንበል። የአሜሪካ ስልካችሁ ተዘግቷል። ውሻው ደግሞ አዲስ ቤት ነው፣ የመጀመሪያ ሐሳቡ መውጣት ነው። ከመሄዳችሁ በፊት መዝገቡ ላይ የጓደኛችሁን ቁጥር ጨምሩ። የሱ ስልክ ያለበት ሁለተኛ ታግም አንጠልጥሉለት። በአሜሪካ የነጻነት ቀን (ጁላይ 4) ርችት በሚተኮስበት ሌሊት ደግሞ ከቤት አይውጣ።

ከመጠለያ ወይም ከሰው የወሰዳችሁት ውሻ። ቺፑ በድሮው ባለቤት ወይም በመጠለያው ስም ሊሆን ይችላል። ወደ ስማችሁ እስኪዛወር ድረስ ጉዳዩ አላለቀም። የማደጎውን ወረቀት ይዛችሁ መዝገቡ ጋ ደውሉ።

ቤት ስትቀይሩ ወይም ስልክ ስትቀይሩ የባንክና የመንጃ ፈቃድ አድራሻ ትቀይራላችሁ አይደል? የቺፑንም ያን ዕለት።

4ኛ እርምጃ፦ በዓመት አንዴ ማስነበብ

ለክትባት በሄዳችሁ ቁጥር «ቺፑን አንብቡልኝ» በሉ። ደቂቃ አይፈጅም። ቺፕ አንዳንዴ ከገባበት ቦታ ወደ ትከሻ ወይም ወደ እግር ይንሸራተታል። አልፎ አልፎም መሥራት ያቆማል። ሐኪሙ ጀርባው ላይ ካጣው መላ አካሉን ቀስ ብሎ እንዲያስስ ጠይቁት። ብረታ ብረት የበዛበት ማሰሪያ ካለውም መጀመሪያ ይውለቅ፣ ንባቡን ሊያውክ ይችላል።

አዲስ አበባ ላላችሁና ውሻ ይዛችሁ ለምትጓዙ

አገር ቤት ታጉ ይቀድማል። መንገድ ላይ ያገኘው ሰው ማንበቢያ ወዳለው ሐኪም የመሄዱ ነገር ያጠራጥራል። ማሰሪያው ራሱ መልእክት አለው። ማሰሪያ የሌለው ውሻ የሰፈር ውሻ ተብሎ ይታለፋል። ስልክ ቁጥሩን ከጻፋችሁ ይበቃል። ለፋሲካ ወይም ለዘመን መለወጫ ርችት ሲተኮስ ከግቢ እንዳይወጣ በሩን ዝጉ።

ጉዞ ካሰባችሁ ግን ቺፑ ግዴታ ነው፤ ቅደም ተከተሉም አይፋለስም። መጀመሪያ ቺፕ፣ ከዚያ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት። ክትባቱ ከቀደመ ላይቆጠርላችሁ ይችላል። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ከሆነ ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን በኋላ የደም ምርመራ አለ። ደሙ ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ ደግሞ ሦስት ወር መጠበቅ አለ። ስለዚህ ትኬት ከመቁረጣችሁ ብዙ ወር ቀድማችሁ ጀምሩ። ወደ አሜሪካ ከሆነ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ደንብ ውሻው 6 ወር የሞላውና የሚነበብ ቺፕ ያለው መሆን አለበት። ኢትዮጵያ የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋት ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላለች ተጨማሪ ወረቀት ይጠየቃል። ሁሉም ወረቀት ላይ ያለው 15 አሃዝ አንድ መሆኑን ራሳችሁ አረጋግጡ። በእጅ ሲጻፍ አንድ አሃዝ ይዘለልና ኤርፖርት ላይ ጉድ ይፈላል።

እስራኤል ያላችሁ ቺፑ በሕግ ግዴታ እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ አድራሻ ስትቀይሩ ለከተማው የእንስሳት ሐኪም ማሳወቅ እንዳትረሱ። እንግሊዝ ደግሞ ነገሩን ለክርክር አልተወችውም። ከሚያዝያ 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቺፕ ግዴታ ነው። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1992 በወጣው ደንብም አደባባይ የሚወጣ ውሻ የባለቤቱ ስምና አድራሻ ያለበት ማሰሪያ እንዲያደርግ ይጠየቃል። ሕጉም ሁለቱን አንድ ላይ ነው የሚፈልገው።

5ኛ እርምጃ፦ ከጠፋ

ወዲያው መዝገቡ ጋ ደውላችሁ «ጠፍቷል» ብለው ምልክት እንዲያደርጉበት ንገሩ። ሳይመዘገብ ቢቀርስ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይመስላል፣ ግን አይደለም። ቁጥሩ ካላችሁ አሁንም መመዝገብ ትችላላችሁ። ቁጥሩን ከጣላችሁት ክሊኒኩ ፋይሉ ላይ ይኖረዋል።

በአካባቢያችሁ ላሉ መጠለያዎች በስልክ ብቻ አትበሉ፣ በአካል ሂዱ። በስልክ «ቡናማ ውሻ» ስትሉ የሚሰማው ሰው ሌላ ውሻ ሊያስብ ይችላል። መጠለያ ባለቤቱ ያልታወቀ ውሻን የሚያቆይበት ጊዜ አጭር ነው። እንደ አካባቢው ከ3 እስከ 7 ቀን ይሆናል። ከዚያ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። በየሁለት ቀኑ ተመላለሱ።

ማስታወቂያ ስትለጥፉ ትልቅ ፎቶ፣ የጠፋበት ሰፈርና ስልክ ይበቃል። የቺፑን ሙሉ ቁጥር አትጻፉ፣ ውሻው የናንተ መሆኑን የምታስረዱበት ማስረጃ ነውና። አንድ የተለየ ምልክትም ደብቁ፤ ሆዱ ላይ ያለ ነጭ ነጥብ ወይም የተቆረጠ ጥፍር ሊሆን ይችላል። «አግኝቼዋለሁ፣ መጀመሪያ ብር ላኩ» ወይም «ስልካችሁ ላይ የመጣውን ኮድ ንገሩኝ» የሚል ከደወለ ያንን ምልክት ጠይቁት። ካላወቀ ስልኩን ዝጉት። ኮድማ በምንም ዓይነት አትስጡ።

ውሻው ሲገኝ መዝገቡ ላይ «ተገኝቷል» አስብሉ፣ የለጠፋችሁትንም ማስታወቂያ አንሱ። ታጉ ወይም ማሰሪያው ጠፍቶ ከተመለሰ ያን ቀን ሌላ አሠሩለት። አንዴ የወጣበትን ቀዳዳ ያውቀዋልና።